ሰባት ዓመት ቢድ አድርጌ ቤት አጣሁ፤ ለማን አቤት ልበል?

«ልጆቼ 13 እና 10 ዓመታቸው ነው። ትልቁ ወንድ፣ ትንሿ ሴት ናት። ሰሜን ለንደን ውስጥ አንድ መኝታ ባለው የግል ኪራይ ቤት ሦስታችን እንኖራለን። ግድግዳው ሻጋታ ነው፤ ልጄ አስም አለበት። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ጋ ለቤት ከተመዘገብኩ ሰባት ዓመት አልፎኛል። በየሳምንቱ ቢድ አደርጋለሁ፤ ማለትም ከሚወጡት ቤቶች መርጬ አመለክታለሁ። የቅድሚያ ደረጃዬ ባንድ ሲ ነው። ከእኔ አራት ዓመት ዘግይታ የተመዘገበች ያገሬ ልጅ ባለፈው ወር ቁልፍ ተቀበለች። ስልክ ብደውል የሚያነሳ የለም፤ ኢሜይል ብልክ ‹ደርሶናል› ብቻ ነው መልሱ። ኦምቡድስማን ጋ ብከስ ቤት ይሰጡኛል? ደግሞስ ከከሰስኳቸው ቂም ይዘው ፋይሌን ታች አይጥሉትም?»

ኦምቡድስማን (በካውንስልና በመሰል አካላት ላይ የሚቀርብ ቅሬታን የሚመረምር ገለልተኛ አካል) ቤት አይሰጥም። ካውንስሉም ስለከሰሱት ብሎ ታች ሊጥልዎት አይችልም። ከሁለቱም በፊት ግን መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። እንደጻፉልኝ ከሆነ ባንድዎ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ባንዱ ሳይስተካከል የሚጻፍ አቤቱታ ይቅርታ ያስገኝ ይሆናል እንጂ ቤት አያቀርብም።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን «ወረፋ» የሚለው ቃል ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ሰው በ2005 ከተመዘገበው እቀድማለሁ ብሎ ቢከራከር ያምርበታል። እዚያ የተመዘገቡበት ዓመት ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ግን ሕጉ «መቼ መጣሽ?» ሳይሆን «ምን ያህል ቸገረሽ?» ነው የሚለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1996 የወጣው የቤቶች ሕግ ካውንስሎች ተገቢ ቅድሚያ እንዲሰጧቸው የሚያስገድድላቸው ወገኖች አሉ፦ ቤት አልባ የሆኑ፣ ካውንስሉ በቤት እጦት ምክንያት ሊረዳቸው ግዴታ ያለበት፣ የተጨናነቀ ወይም ለጤና የማይመች ቤት ውስጥ ያሉ፣ በሕመም ወይም በሌላ ማኅበራዊ ችግር መዛወር ያለባቸው፣ እና ወደ አንድ አካባቢ ካልሄዱ የሚጎዱ። እያንዳንዱ ካውንስል ይህን መሠረት አድርጎ የራሱን የድልደላ መመሪያ፣ ማለትም ቤት ለማን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰጥ የሚወስነውን፣ ይጽፋል። አንዱ በባንድ፣ ሌላው በነጥብ ይሠራል። የተመዘገቡበት ቀን ጉዳይ የሚሆነው በአብዛኛው አንድ ባንድ ውስጥ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ ሲወዳደሩ ነው።

ያገሬ ልጅ ያሏት እንዴት ቀደመችኝ ለሚለው መልሱ እዚህ ውስጥ ይመስለኛል። እሷ ከሲ ከፍ ባለው ባንድ ቢ ከሆነች የእርስዎ ሰባት ዓመት ከእሷ ሦስት ዓመት ጋር አይገናኝም። ይህን ለማረጋገጥ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። ብዙ ካውንስሎች ቢድ በሚደረግበት ገጽ ላይ ያለፉትን ሳምንታት ውጤት ያወጣሉ፤ ቤቱ በየትኛው ባንድ ላለና መቼ ለተመዘገበ ሰው እንደሄደ ይታያል። ዛሬ ማታ ገብተው ያለፉትን ሦስት ወራት የሦስት መኝታ ቤቶች ውጤት ይመልከቱ። አንዱም ወደ ባንድ ሲ ካልወረደ፣ በባንድ ሲ ሆነው በየሳምንቱ ቢድ ማድረግዎ በር የሌለው ግድግዳ ማንኳኳት ነው።

አሁን ወደ ልጆችዎ ዕድሜ ልመለስ። ሲመዘገቡ ወንዱ 6፣ ሴቷ 3 ዓመታቸው ነበር። ብዙ ካውንስሎች በሚጠቀሙበት የመኝታ ቤት ስሌት ከ10 ዓመት በታች ያሉ ሁለት ልጆች፣ ወንድና ሴትም ቢሆኑ፣ አንድ ክፍል ይጋራሉ። ስለዚህ ያኔ የሚያስፈልግዎት ሁለት መኝታ ነበር፤ የጎደለዎት አንድ ነው። ዛሬ ወንዱ 13 ነው፤ ሴቷም 10 ሞላት። አብረው እንዲያድሩ አይጠበቅም። ሦስት መኝታ ያስፈልግዎታል፤ የጎደለው ሁለት ሆነ። በብዙ መመሪያዎች አንድ መኝታ የጎደለውና ሁለት የጎደለው ሰው አንድ ባንድ ውስጥ አይቀመጡም። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ልጆችዎ አላደጉ ይሆናል! የልደት ቀናቸው ፋይሉ ውስጥ ስላለ ብቻ ባንዱ በራሱ ይቀየራል ብሎ መጠበቅ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ በጣም የተለመደው ነው። የሁኔታ ለውጥ ቅጽ መሙላት የአመልካቹ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ። የዕድሜው ወሰን ከካውንስል ካውንስል ይለያያል። አንዳንዱ ሳሎንን እንደ መኝታ ይቆጥራል። ስለዚህ ስሌቱን ከእኔም ከጎረቤትም ሳይሆን ከራሱ ከካውንስሉ መመሪያ ያውጡት፤ ኢንተርኔት ላይ አለ። ሁለተኛው፣ ደብዳቤዎ ላይ «በሕግ የተጨናነቀ ቤት» ብለው እንዳይጽፉ። ይህ ቃል በ1985ቱ የቤቶች ሕግ የራሱ ትርጉም አለው፤ መለኪያው ደግሞ የአያቶቻችን ዘመን ነው። ሳሎኑም መኝታ ሆኖ ይቆጠራል፣ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደ ግማሽ ሰው ይቆጠራል፣ ዓመት ያልሞላው ጭራሽ አይቆጠርም። በዚያ መለኪያ ሁለት ክፍል ለሦስት ሰው ይበቃል። እናትና ሴት ልጅ መኝታ ቤት፣ ወንዱ ሳሎን ሶፋ ላይ፤ ክፍሎቹ በጣም ጠባብ ካልሆኑ በቀር ሕጉ አልተጨናነቃችሁም ይላል። ይህን ቃል ከጻፉ ኦፊሰሩ «አይደለም» ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋዎታል፤ መልሱም ልክ ይሆናል። «በመመሪያችሁ መሠረት ሁለት መኝታ ጎድሎኛል» ብለው ይጻፉ።

የልጅዎ አስም ሌላ መንገድ ነው። ከመጨናነቁ ጋር በአንድ ደብዳቤ አይቀላቅሉት። የካውንስሉ የሕክምና አማካሪ አብዛኛውን ጊዜ ልጁን አያየውም፤ ወረቀት ነው የሚያየው። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሳል አልተሳለም። ጂፒው (የቤተሰብ ሐኪምዎ) «ይህ ቤተሰብ የተሻለ ቤት እንዲሰጠው እደግፋለሁ» ብሎ ቢጽፍ ምንም አይጠቅምም፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየቀኑ ይደርሳቸዋል። የሚጠቅመው ዝርዝሩ ነው። ልጁ ባለፉት 12 ወራት ስንት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገባ? ስቴሮይድ ስንት ጊዜ ታዘዘለት? በሳምንት ስንት ሌሊት ይነቃል? የሚተኛበት ክፍል ግድግዳ ምን ይመስላል? ቤቱ ቢቀየር ሕመሙ ላይ ምን ለውጥ ይመጣል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ካልተመለሰች ካውንስሉ «ሕመሙ እውነት ነው፣ ግን ከቤቱ ጋር አይያያዝም» ይላል። ከትምህርት ቤትም የቀረባቸውን ቀናት ዝርዝር ያውጡ።

ሻጋታውን በተመለከተ የግል ተከራይ ስለሆኑ ለካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል ይደውሉ። ከቤት ድልደላው ክፍል የተለየ ቢሮ ነው። መጥተው በ2004ቱ ሕግ መሠረት ቤቱን ይመረምራሉ፤ አከራዩን እንዲጠግን ማስገደድ ይችላሉ። ሪፖርታቸው ካውንስሉ በራሱ ሰው እጅ የጻፈው ማስረጃ ይሆንልዎታል። ጉዳቱም አለ። አከራዩ ግድግዳውን በደንብ ካስተካከለ በሻጋታው ምክንያት የሚያገኙት ቅድሚያ ይወርዳል። ለልጁ ሳንባ ብለን ካሰብነው ግን ይህ ጉዳት አይደለም።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልበል፤ ለእኛ ሰው የተለየ ችግር ነው። እርስዎ በአባትዎ ስም ይጠራሉ፣ ልጆቹ በአባታቸው። ቅጹ ላይ አንድ ቤተሰብ ሁለት «ሰርኔም» (የቤተሰብ ስም) ይዞ ይቀርባል። ባለትዳር ቢሆኑ ሦስት ይሆን ነበር። ፋይሉን የሚያየው ሰው እነዚህ ልጆች የማን ናቸው ብሎ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ኦንላይን አካውንትዎ ውስጥ ይቀመጣል፤ እርስዎ አያዩትም፤ ከ28 ቀን በኋላ ማመልከቻው «ማስረጃ ባለማቅረብ» ተዘጋ ይባላል። ስንቴ አይቻለሁ! የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬትና የቻይልድ ቤኔፊት (የልጆች ድጎማ) ደብዳቤ ሳይጠየቁ አብረው ያስገቡ። ከብዙ ካውንስሎች በዓመት አንዴ አድሱ የሚል መልእክትም ይመጣል፤ ያንን ያለፈው ሰው ሰባት ዓመቱ በአንድ ቀን ሊሰረዝ ይችላል። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት፣ ያለ እርዳታ ማመልከት ለሚከብደው ሰው ካውንስሉ በነፃ እንዲያግዝ ሕጉ ያዘዋል። ቅጽ እሞላለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አይክፈሉ። «ውስጥ ሰው አለኝ» ካለ ደግሞ ቶሎ ይራቁት።

አሁን ስለ አቤቱታው። ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ፤ ሰው ሁሉ አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ሪቪው የሚባለው «ውሳኔያችሁ ተሳስቷል፣ እንደገና እዩልኝ» ነው። ኮምፕሌይንት የሚባለው ደግሞ «ሥራችሁን በአግባቡ አልሠራችሁም» ነው። ባንዴ አላግባብ ነው ማለት ሪቪው ነው። ስልክ አያነሱም፣ ቅጼን ስምንት ወር አስቀመጡት፣ የሐኪም ወረቀቴን ጣሉት ማለት ኮምፕሌይንት ነው። ስለ ባንድ ኮምፕሌይንት ካስገቡ ከሳምንታት በኋላ «ይህ በሪቪው የሚታይ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እስከዚያ የሪቪው ቀነ ገደብ አልፎ ይሆናል።

የድልደላ ሪቪው ቀነ ገደብ በየመመሪያው ነው የሚወሰነው፤ 21 ቀን የተለመደ ነው። እርስዎ የባንድ ሲ ደብዳቤ የደረሰዎት ከሰባት ዓመት በፊት ስለሆነ ያንን አሁን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ይልቅ የሁኔታ ለውጡን ያስገቡ፤ አዲስ ውሳኔ ይወጣል፤ አዲሱን ውሳኔ ካልተስማሙበት በ21 ቀን ውስጥ ሪቪው ይጠይቁ። ሕጉ ካውንስሉ የትኞቹን እውነታዎች ይዞ እንደወሰነ ጠይቀው የማወቅ መብት ይሰጥዎታል። ከዚያም በላይ በመረጃ ጥበቃ ሕጉ የፋይልዎን ቅጂ በነፃ መጠየቅ ይችላሉ፤ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መስጠት አለባቸው። ፋይሉን ሳያዩ ሪቪው መጻፍ በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው። ግን ፋይሉን ስጠብቅ ብለው 21 ቀኑን አያሳልፉ። «ሪቪው እጠይቃለሁ፣ ዝርዝሩን ፋይሉ ሲደርሰኝ እጨምራለሁ» የሚል ሁለት መስመር ቀኑን ይይዝልዎታል።

ኮምፕሌይንቱ ሁለት ደረጃ አለው። በ2024 የወጣው የአቤቱታ አያያዝ ደንብ የሚለው፣ በአምስት የሥራ ቀን ደርሶኛል ይበሉ፣ ከዚያ በ10 የሥራ ቀን የመጀመሪያውን መልስ ይስጡ፣ ለሁለተኛው ደረጃ 20 የሥራ ቀን ነው። ሁለቱን ሳይጨርሱ ኦምቡድስማን ጋ ቢሄዱ አብዛኛውን ጊዜ ይመልስዎታል። ካውንስሉ መልስ ከከለከለዎት ግን ዝም ብሎ መጠበቅ የለም፤ ያንኑ ይዘው ይሂዱ።

ኦምቡድስማንም አንድ አይደለም። ሀውሲንግ ኦምቡድስማን የሚባለው የማኅበራዊ ቤት ተከራዮች በአከራያቸው ላይ ያላቸውን ቅሬታ ነው የሚያየው፤ ጥገና፣ ሻጋታ፣ የጎረቤት ረብሻ። የእርስዎ ጉዳይ፣ ማለትም የካውንስል ድልደላ፣ የሚታየው በአካባቢ መንግሥትና ማኅበራዊ እንክብካቤ ኦምቡድስማን ነው። ነፃ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልገውም። ችግሩን ካወቁ በ12 ወር ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅብዎታል። የሚመረምረው ካውንስሉ ጥፋት ሠርቷል ወይ፣ ጥፋቱስ ጎድቶዎታል ወይ የሚለውን ነው። ካውንስሉ ወረቀትዎን በደንብ አይቶ፣ መመሪያውን ተከትሎ እርስዎ የማይወዱት ውሳኔ ላይ ከደረሰ ኦምቡድስማን ያንን አይሽርም። ጥፋት ካገኘ ግን ባንዱ እንደገና እንዲታይ፣ ቀኑ ወደ ኋላ እንዲመለስ፣ ለደረሰ እንግልት ጥቂት ገንዘብ እንዲከፈል ይመክራል። ምክሩ እንደ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስገድድም፤ ካውንስሎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሌም ይቀበሉታል።

ቢድ ማድረግዎን የማያቋርጡትም ለዚህ ነው። ካውንስሉ ቅጽዎን ስምንት ወር ቢያስቀምጥ፣ ኦምቡድስማን የሚጠይቀው «በእነዚያ ስምንት ወራት ትክክለኛው ባንድ ላይ ብትሆን ቢድ ካደረገችባቸው ቤቶች አንዱ ይደርሳት ነበር ወይ?» ነው። ቢድ ያላደረገ ሰው አመለጠኝ የሚለው ቤት የለውም። ተስፋ በሌለው ባንድ የሚደረግ ቢድም ስለዚህ ከንቱ አይደለም፤ መዝገብ ይሆናል።

ቂም ስለሚሉት። ካውንስል ከራሱ መመሪያ ውጪ ቤት መስጠት በሕግ ተከልክሏል። ይኸው ክልከላ በከሰሰ ሰው ላይም ይሠራል፤ ፋይሉን በንዴት ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ሳንቲሙ ሁለት ገጽ አለው፤ የፓርላማ አባልዎ ጋ ሄደው ደብዳቤ ቢያጽፉም ከወረፋው አያስወጣዎትም። ደብዳቤው የሚጠቅመው የተኛ ፋይል ለመቀስቀስ ነው። ለዚያ ግን ጥሩ ነው፤ ይጠቀሙበት።

ፍርድ ቤትስ? የድልደላ ውሳኔን በፍርድ ቤት ማስመርመር ይቻላል። ጊዜው አጭር ነው፤ ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በሦስት ወር ውስጥ። ዳኞች ግን ማን ማንን ይቅደም የሚለውን መንካት አይወዱም። በ2009 ያኔ የበላይ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በኒውሃም ካውንስል ጉዳይ ላይ መመሪያው ሕጉን እስካልጣሰና እስካላበደ ድረስ የቅደም ተከተሉ ሥራ የካውንስሉ ነው ብሏል። መመሪያው ራሱ አድልዎ ሲኖርበት ግን ይነካሉ። ሂሊንግደን ካውንስል 10 ዓመት ያልኖረ ሰው መመዝገብ አይችልም ይል ነበር፤ በ2019 የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ ደንብ ስደተኞችን በተዘዋዋሪ ያገላል የሚለውን ክርክር ተቀብሏል። ጥገኝነት አግኝተው ቅርብ ጊዜ የመጡ ወገኖች «ዓመት አልሞላሽም» ተብለው ሲመለሱ ይህን ማወቅ አለባቸው። የእርስዎ ጉዳይ ግን የፍርድ ቤት አይደለም፤ ቢያንስ ገና።

ጎረቤት የሚሰጠው አንድ ምክር አለ፤ ይህን በጭራሽ እንዳይሰሙ። «ቤቱን ለቀሽ ውጪ፣ ልጆች ስላሉሽ ካውንስሉ ግዴታው ነው» ይላሉ። በፈቃዱ ቤቱን የለቀቀ ሰው በገዛ እጁ ቤት አልባ የሆነ ሊባል ይችላል፤ ያኔ ካውንስሉ ቤት የማቅረብ ዋናው ግዴታው ይወድቃል። አከራዩ በሕጋዊ መንገድ ውጪ ካለዎት ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱን እንደተቀበሉ ካውንስሉ ጋ ይሂዱ። ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ በ56 ቀን ውስጥ ቤት ሊያጣ የሚችልን ሰው ቀድመው መርዳት አለባቸው። በዚያ መንገድ የሚመጣ ቤት ሲያቀርቡልዎት ደግሞ፣ ሩቅም ቢሆን አስቀያሚም ቢሆን፣ ከጠበቃ ሳይማከሩ እምቢ አይበሉ። ተቀብሎ ገብቶ በ21 ቀን ውስጥ «ቤቱ አይመቸንም» ብሎ ሪቪው መጠየቅ ይቻላል። እምቢ ብሎ የተሸነፈ ግን ቤቱንም ግዴታውንም ያጣል።

ባንዱ ቢስተካከልም ለንደን ውስጥ ሦስት መኝታ በጥቂት ወራት አይገኝም፤ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ መመሪያው አንድ መኝታ በሚጎድለው ቤት ላይ ቢድ ማድረግ ይፈቅድ እንደሆነ ይዩ። የሚፈቅዱ አሉ፤ ሁለት መኝታ ቶሎ ይወጣል። እኔ ብሆን ወንዱን ለብቻው አስተኝቼ ከሴቷ ጋር አንድ ክፍል መጋራትን ከዛሬው ሶፋ እመርጠዋለሁ። ግን አንዴ ከገቡ በኋላ ለሦስተኛው መኝታ እንደገና ቅድሚያ ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቀው ይግቡ።

በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት እንግዲህ ይህ ነው። የሁኔታ ለውጥ ቅጹን ኦንላይን ይሙሉ፤ የሴቷን 10ኛ ዓመት የሞላበትን ቀን ጭምር ይጻፉ። የመጨረሻውን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ቀኑና ቁጥሩ ይታይ። ጂፒው ጋ ቀጠሮ ይያዙ፤ ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈው ይስጡት። የአካባቢ ጤና ክፍሉን ይጥሩ። የፋይልዎን ቅጂ በኢሜይል ይጠይቁ። ኮምፕሌይንቱን ዛሬ አያስገቡ፤ ቅጹ በመመሪያው ላይ በተጻፈው ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ያኔ ያስገቡ፤ ያኔ ጥርስ ይኖረዋል። ሪቪው ላይ ሲደርሱ ሲቲዘንስ አድቫይስ፣ ሸልተር ወይም በአካባቢዎ ያለ ሎው ሴንተር ደብዳቤውን አይቶ ያርምልዎታል፤ አይከፈልበትም። ይህ ሁሉ የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ያሉ አንባቢዎች የራሳቸው ሕግና የራሳቸው ኦምቡድስማን አላቸው።